ኖቱ እውነተኛ፣ ጽሑፉ የትናንት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ጦርነት ጊዜ የፕሮፓጋንዳ ኖቶች ናቸው። የጠላትን ገንዘብ አስመስለው፣ ወይም በራሱ በጠላት ገንዘብ ላይ መልእክት አትመው የሚበትኗቸው ወረቀቶች ማለት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በጃፓን ወረራ ጊዜ የወጣ የፊሊፒንስ ፔሶ በኢንተርኔት ገዛሁ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ "የጋራ ብልጽግናው ቀጣና፦ ዋጋው ስንት ነው?" ተብሎ ታትሞበታል። ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ "ወረቀቱ የድሮ ነው" አለኝ። ኦሪጅናል ነው ልበል? (ከአዲስ አበባ)

አትበል። ጓደኛህ አልተሳሳተም፤ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ጃፓኖች ይህን ፔሶ ያለ ምንም መያዣ እንደ ጉድ ነበር የሚያትሙት። ሕዝቡ "ሚኪ ማውስ ገንዘብ" እያለ ይቀልድበት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የማይረባ ወረቀት ሆኖ በየቤቱ ቀረ፤ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። የአሜሪካው ጄኔራል ማክአርተር የሥነ ልቦና ጦርነት ክፍል ያቺን ጥያቄ ያተመው በዚሁ ገንዘብ ላይ ነው። ጃፓን "የታላቋ ምሥራቅ እስያ የጋራ ብልጽግና" እያለች ስትሰብክ፣ መልሱ የራሷን ገንዘብ አሳይቶ "እስቲ ስንት ያወጣል?" ማለት ሆነ። ከጦርነቱ ፌዞች ሁሉ ይቺን የምታህል አላየሁም።

አጭበርባሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? እውነተኛውን ፔሶ በርካሽ ይገዛል፣ ጽሑፉን ያትምበታል፣ በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። ወረቀቱ የ1940ዎቹ፣ ጽሑፉ የትናንት! ስለዚህ ወረቀቱን ተወውና ጽሑፉን መርምር። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃሃል። በኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ በፊደሎቹ ዳር ዳር የተረጩ ደቃቅ ነጠብጣቦች ታያለህ። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ደግሞ ላይ ላዩን ተለጥፎ ያብለጨልጫል፤ እጥፋቱ ላይ ይላላጣል። የላስቲክ ማኅተም ከሆነ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ጠርዝ ተገፍቶ መሐሉ ይሳሳል።

እኔ በጣም የምወደው እጥፋቱን ማየት ነው። ኖቱ ከታተመበት በኋላ የታጠፈ ከሆነ፣ በእጥፋቱ መስመር ላይ ቀለሙም አብሮ ተሰነጣጥቋል። ቀለሙ ቀድሞ በተሰነጠቀው የወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ሰርጎ ከገባ ግን ጽሑፉ ከእጥፋቱ በኋላ መጥቷል። ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ያኔም ያገለገለ ኖት ላይ ሊታተም ይችላል። ከሌላው ምልክት ጋር ሲደመር ግን ብዙ ይናገራል።

ሌላም አለ። "ጃፕዋንካፕ" የሚል ማኅተም ያረፈበትን ፔሶ የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። አይደለም። እሱ ከጦርነቱ በኋላ "በእጃችን ለቀረው የጃፓን ገንዘብ ካሣ ይከፈለን" ብሎ የተቋቋመ የፊሊፒንሳውያን ማኅበር ማኅተም ነው። ማኅበሩ የአሜሪካን መንግሥት ከሶ በ1967 ክሱ ውድቅ ሆኖበታል።

የብር መፈተሻ መብራት፣ ያ ሰማያዊውን፣ ልግዛ? (ከሐዋሳ)

ከላይ ላለው ዓይነት አይረዳሽም፤ ወረቀቱ እውነተኛ ነዋ። ሙሉ በሙሉ አዲስ ለታተመ ቅጂ ግን ጥሩ ነው። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የጦርነቱ ጊዜ ወረቀት በመብራቱ ሥር ደብዘዝ ይላል፤ የዛሬው ቦግ ይላል። በኦሞ የታጠበ አሮጌ ኖትም ቦግ ስለሚል ግን ቶሎ አትፍረጂ።

የሰሜን ቬትናም 1 ዶንግ አለኝ፤ በጎኑ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ተቀጥሎበታል። ቁራጩን ቆርጬ ልጣለው? (ከሜሪላንድ)

ኧረ በእግዚአብሔር! ዋጋው ያለው እዚያ ቁራጭ ላይ ነው። አሜሪካ በ1972 የ1፣ የ2 እና የ5 ዶንግ አምሳያ አሳትማ ሰሜን ቬትናም ላይ በትናለች። ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ገንዘባችሁ ዋጋ እያጣ ነው፣ ሌላ የገንዘብ ለውጥም ሊመጣ ይችላል እያለ ያስፈራራል። ሕዝቡ የ1959ኙን የገንዘብ ለውጥ ስላየ ወሬው የሚታመን ዓይነት ነበር። ጽሑፉን በመቀስ ስትቆርጠው በእጅህ የሚቀረው ገንዘብ የሚመስል ወረቀት ነው። ሃኖይም ይህ ፎርጅድ ገንዘብ ነው ብላ ከሳለች።

ያንተን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገህ እየው። ኦሪጅናሉ አንድ ወጥ ወረቀት ነው። መገናኛው ላይ ሙጫ ወይም መደራረብ ካለ ተቀጥሎ የተሠራ ነው። ምስሉ በሙሉ በአራት ቀለም ደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነም ለቱሪስት የተዘጋጀ ቅጂ እንደሆነ ጠርጥር።

ጃፋ ከሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ፀረ አይሁድ ጽሑፍ የታተመበት የ1923 የጀርመን ማርክ አየሁ። እውነት ነው? (ከእስራኤል)

በሽታው የፔሶው ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ዶላር ከ4 ትሪሊዮን ማርክ በላይ ደርሶ ስለነበር ኖቱ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ናዚዎች እንዲህ ያለ ቅስቀሳ በማርክ ላይ ማተማቸው እውነት ነው፤ በኋላ የታተመውም የትየለሌ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ ካልታወቀ እኔ አልገዛም። ለማስተማር የሚያስቀምጠው ሰው ይገባኛል። ሳሎን የሚሰቅለው ግን አይገባኝም።

የሳዳም ምስል ያለበት 25 ዲናር "ከአውሮፕላን የተበተነ ነው" ተብዬ ገዛሁ። (ከዱባይ)

ገልብጭው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተበተነው በራሪ ወረቀት ፊቱ 25 ዲናር ይመስላል፤ ጀርባው ላይ ግን እጃቸውን ለሚሰጡ ወታደሮች የተጻፈ የዐረብኛ መልእክት አለው። ሁለቱም ፊት ገንዘብ ብቻ ከሆነ የገዛሽው ተራ ዲናር ነው።

ከአያቴ ሣጥን "አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና" የሚል የጣሊያን ሊሬ ወጣ። እሱስ ፕሮፓጋንዳ ነው? (ከደሴ)

አይደለም፤ የወረራ ዘመን መገበያያ ነው። ጣሊያን በ1938 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ብላ የ50፣ የ100፣ የ500 እና የ1000 ሊሬ ልዩ ኖቶች አውጥታለች። አገሬው ግን የሚያምነው ጠገራ ብርን ነበር። ጣሊያኖቹም ይህን ስለሚያውቁ ከ1935 ጀምሮ ይህንኑ ጠገራ ብር፣ ማርያ ትሬዛን፣ ሮም ውስጥ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ያውም 1780 የሚለውን ዓመት ሳይነኩ። አያትህ ሊሬውን ማስቀመጣቸው ራሱ ደስ ይላል። እጥፋቱን በብረት ካውያ አታቃና፣ አትጠበው፣ ላሚኔት ደግሞ በፍጹም እንዳታስደርገው።