ኤትየን ማርሴልን ከግድያው ይልቅ የጣለው ወንዙ ነው

የተጠየቀው «የፓሪሱ ኤትየን ማርሴል በ1357 ከተማዋን በእጁ አስገብቶ ሳለ እንዴት በዓመቱ የከተማው ሰዎች ራሳቸው ገደሉት?» የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ሹመቱን እንለይ። «የነጋዴዎች አለቃ» ነው፤ ለኛ «ነጋድራስ» ቢባል ይቀርባል፣ ግን ነጋድራስን ይሾም የነበረው ንጉሥ ነው፤ የፓሪሱ ከነጋዴዎቹ ወገን የሚመረጥ ነበር። ሻትሌ በተባለው ምሽግ ይቀመጥ የነበረው የንጉሡ ሹም ሌላ ሰው ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። ሹመቱ የበቀለው በሴን ወንዝ በጀልባ ከሚነግዱት ሰዎች ማኅበር ነው። ማርሴል ራሱ ጨርቅ ነጋዴ ቢሆንም፣ በ1357 ለከተማዋ የገዛው ቤት ግሬቭ በተባለው የወንዝ ወደብ ዳር ነው፤ ዛሬም ማዘጋጃ ቤቱ እዚያው ነው።

በሴፕቴምበር 1356 ንጉሥ ዣን 2ኛ ፑዋቲዬ ላይ በእንግሊዞች ተማረከ። የ18 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ሻርል ገንዘብ የሚያገኘው ወይ የሦስቱ መደቦች (የካህናት፣ የመኳንንትና የከተማ ሰዎች) ጉባኤ ግብር ሲፈቅድለት ነው፣ ወይ በሳንቲም። የሳንቲሙ ዘዴ እንዲህ ነው፦ የብር ሳንቲሙ ተሰብስቦ ይቀልጣል፣ መዳብ ይበዛበታል፣ በዚያው ዋጋ ይመለሳል፤ ልዩነቱ የንጉሡ ነው። በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በቀለለው ሳንቲም ሲከፈለው ይከስራል። ማርሴል አዲሱን ሳንቲም አንቀበልም ብሎ ከተማዋን በአድማ አስነሳ፤ ሻርል በጃንዋሪ 1357 እጁን ሰጠ። በማርች የንጉሡን አስተዳደር በጉባኤው ቁጥጥር ሥር የሚያደርገው ታላቁ ድንጋጌ ወጣ። ሰውዬውን የዴሞክራሲ አባት የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሳንቲሙን የሚጠብቅ ነጋዴ ነው የሚታየኝ።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1358 የታጠቁ ሰዎች ይዞ ቤተ መንግሥት ገባ። ሁለት ማርሻሎች (የጦር ሹማምንት) አልጋ ወራሹ ዐይን ፊት ተገደሉ። ማርሴልም ቀይና ሰማያዊውን የከተማዋን ቆብ ሻርል ራስ ላይ ደፋለት፣ እንዳይነኩት።

ለኔ ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የሆነው ነው። እንዲህ ያዋረዱት ሰው በማርች ከከተማ ወጣ። ሻርል ሞንትሮንና ሞን ያዘ። ካርታ አውጥታችሁ ተመልከቱ፦ ሞንትሮ ሴንና ዮን የሚገናኙበት ነው፣ ሞ ማርን ላይ። ከላይ ለፓሪስ እህል የሚያወርድ ጀልባ በአንዱ ማለፍ አለበት፤ የእህሉ መንገድ ሻርል እጅ ገባ ማለት ነው።

ማርሴል ሞን ለማስለቀቅ ሰው ላከ፤ በሜይ ከተነሱት ገበሬዎች ጋር ተባብረው ጁን 9 ተመቱ። በማግሥቱ ሜሎ ላይ ገበሬዎቹን የፈጀው የናቫር (በስፔን ድንበር የነበረች ትንሽ መንግሥት) ንጉሥ ነው፣ ያው የማርሴል አጋር! የናቫሩ ንጉሥ እንግሊዛውያን ቅጥረኛ ወታደሮች ፓሪስ ሲገቡ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ደምም ፈሰሰ።

ጁላይ 31 ማርሴል የከተማዋን በር ቁልፍ ለናቫር ሰው እንዲያስረክቡ ሲያዝ ጠባቂዎቹ እምቢ አሉ፤ ዣን ማያር የመራቸው የራሱ ከተማ ሰዎች ሴንት አንቱዋን በር ላይ ገደሉት። ኦገስት 2 ሻርል ገባ። ማርሴል ያስጀመረውን አዲስ ግንብ ያስቀጠለው ይኸው ሻርል ነው፤ በ1370 ባስቲል የተባለውን ምሽግ ማሠራት የጀመረውም በዚያው በር ነው።