ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ

ሰሞኑን ከፍኖተ ሰላም አንዲት ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ናት። ሥራ ከያዘች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን የመሥሪያ ቤቷ የሴቶችና አካቶ ትግበራ ኃላፊ አድርገዋታል፤ ሴቱም አካል ጉዳተኛውም ከሥራው እንዳይገለል የምትከታተል ማለት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሠራተኛ ሲያስተዳድሩ ነው የኖሩት። ይሄን የአካቶ ሥራ ከምን ልጀምር?» ትለኛለች።

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግሜ ሰረዝኩት። ምክሩን ስፈልግ የምትመጣብኝ አንዲት ነጭ ስኒ ናት። ጆሮዋ የተሸረፈ።

ስለዚህ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ትቼ ስለ ስኒዋ ነው የምነግርሽ። እኩዮችሽም ያንብቡት።

ዕቅድ አውጪ፣ በጀት አስይዢ፣ ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት አሳትሚ አልልሽም። እሱን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁበታላችሁ። እንዲያውም ስብሰባው ሳይጀመር ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «ለሠራተኞች ግንዛቤ ተፈጠረ» ይባላል። በአንድ ከሰዓት፣ በኩኪስና በለስላሳ ምን ዓይነት ግንዛቤ እንደሚፈጠር እስከዛሬ አልገባኝም። እኔም በዘመኔ ስንቱን «ፈጥሬያለሁ»።

ነገሩ የሆነው በ1987 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፐርሶኔል ኃላፊ ነበርኩ። ያኔ የሰው ሀብት አይባልም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከረባት አስራለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ራሴን እንደ ሠለጠነ ሰው ነው የምቆጥረው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ነው። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ልዩነት ሊደረግባቸው አይገባም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚል አለ። ይቺን ቃል ወድጃት ለጓደኞቼ ሳስረዳ ትዝ ይለኛል። ጠላ ቤት ቁጭ ብለን።

ከእኛ ጋ አንዲት የታይፕ ጸሐፊ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ጣቷ የሚገርም ነው። ስቴንስል ስትመታ አንድ ፊደል አትስትም። ዝምተኛ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች። ሴቶቹ የቡና ዋጮ ነበራቸው፣ በወር ሦስት ብር። ተላላኪያችን ታፈላለች፣ አሥር ሰዓት ላይ ተሰብስበው ይጠጣሉ። እኔም አንዳንዴ ሽታው ሲጠራኝ ጎራ እል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሒሳብ ክፍል ሁለቱ ሴቶች ዕቃ ሊገዙ ይሄዳሉ። ሸክላ ተራ ላይ አንዲት እናት ጀበናና ምጣድ ደርድረው ተቀምጠዋል። ታይፕ ጸሐፊያችን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም አዩዋት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረገችም። እናቷን ሳመች።

ሰኞ ዕለት ስኒዋ ተለየች። ማንም ምንም አላለም። የተሰበሰበ ሰው የለም፣ የወጣ ማስታወቂያ የለም። ጆሮዋ የተሸረፈችው ስኒ ብቻ ወደ እሷ መምጣት ጀመረች። ሁልጊዜ ለእሷ መጨረሻ ይቀዳል። ሌሎቹ ስኒዎች በአንድ ሳህን ሲታጠቡ የእሷ ለብቻዋ ትታጠባለች። ዋጮዋን ግን እኩል ትከፍላለች። ሦስት ብር።

አየሁት። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። የሴቶች ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቡናው መሄድ ቀነስኩ። ላለማየት መሆኑ ነው።

ጎጃም ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሌላው ግን ልንገር። ሸክላ የምትሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል» እየተባለ ነው የኖረው። አይጋቡትም፣ ማዕድ አይቆርሱለትም። አያቴ ቤት አንድ ቀጥቃጭ ይመጣ ነበር። ማረሻችንን እሱ ይሠራል፣ ማጭዳችንን እሱ ይስላል፣ አዝመራ ሲገባ እህል ይሰፈርለታል። የሠራው ማረሻ ቤት ይገባል፣ ሰውየው ደጅ ይቀራል። እንጀራውን ከቤት ውጭ፣ በቅጠል ላይ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ «ለምን አይገባም?» አልኩ። አያቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። አያቴን እወዳት ነበር። ደግ ሴት ነበረች፣ እንግዳ ሳታበላ አታድርም። ይሄም ዕውነት ነው፣ ያም ዕውነት ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ የምትሰድቡ ተዉ ብለው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣም መሬት ያልነበራቸው ብዙ እጀ ጥበበኞች መሬት አገኙ። አዋጅ በአዋጅ ነን። ስኒው ላይ የደረሰ አዋጅ ግን አልነበረም። ደግሞ እኮ ቡናው የሚፈላው በጀበና ነው። ጀበናውን ማን ሠራው? ምጣዱንስ? አክስቴን ይሄን ብጠይቃት «እሳት ያነጻዋል» ብላኛለች። መልስ አታጣም ነበር አክስቴ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መጋቢት ላይ የአንዷ ሠራተኛ ልጅ ታመመ። ቆላ አያቶቹ ዘንድ ከርሞ መምጣቱ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መቃዠት። ጸበል ወሰዱት። እዚያ «ለፈለፈ» ተባለ። የማንን ስም እንደጠራ ለመገመት አትቸገሪም። ልጁ በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ወባ ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ዋጠ፣ ዳነ። ወሬው ግን አልዳነም።

ሰባት ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ቡዳ የሚል ቃል የለበትም። የቢሮ ሰው እንደዚያ አይጽፍም። «ከሠራተኛው ጋር ተግባብታ መሥራት ስላልቻለች መፍትሔ ይፈለግልን» ነው የሚለው። ይዤው ወደ አለቃዬ ገባሁ። አለቃዬ መነጽሩን አወለቀና «ሰላም ይሻላል» አለኝ። ሁለት ቃል። እኔም ለራሷም ይሻላታል አልኩ። እዚህ እየተሳቀቀች ከምትኖር ሌላ ቦታ በሰላም ትሥራ። ከልቤ አዝኜላት ነበር። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው ልጄ። በጥላቻ ባደርገው ኖሮ ያኔውኑ ራሴን እታዘበው ነበር። በርኅራኄ ነው ያደረግሁት።

የዝውውር ደብዳቤውን በእጄ አረቀቅኩ። «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ…» ብዬ። ወደ ዓባይ በረሃ ጠርዝ ወዳለች አንዲት ወረዳ። ረቂቁን እንደ ሁልጊዜው ለታይፕ ላክሁት። ሌላዋ ታይፒስት ወልዳ እንደተኛች ረስቼዋለሁ። ረቂቁ ለራሷ ደረሰ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። አንድ ዋና፣ ሦስት ካርቦን። አንድ ስሕተት የለበትም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦ «ግልባጩ ለማን ለማን ይሁን?»

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ግልባጩ ለማን ለማን እንደሆነ ነገርኳት። ለሒሳብ ክፍል፣ ለማኅደር ክፍል፣ ለወረዳው። ጻፈች፣ አመጣች፣ ፈረምኩ።

ስኒዋ መስኮቱ ላይ ቀረች። የሚጠጣባት የለም፣ የሚጥላትም የለም። ስንት ወር እንደዚያ እንደቆየች እንጃ። በኋላ ተላላኪያችን ስፒል ማስቀመጫ አደረገቻት። እኔም ወረቀት ሳያይዝ ከእሷ ውስጥ ስፒል አነሳ ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ይቅርታ ታደርጊልኝ ይሆናል፣ ያኔ ዘመኑ ነው ብለሽ። ግን የ2001ም አለ። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አውቶቡሱ ቡሬ ላይ ለምሳ ቆመ። ከምግብ ቤት ስወጣ «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሷ ናት። ወፍራለች፣ ሹሩባ ተሠርታለች። አግብታ ቡሬ ገብታለች፣ ዲግሪዋን በማታ ይዛለች፣ ሒሳብ ሹም ሆናለች። በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «ቤቴ ይኸው፣ ከመናኸሪያው ማዶ ነው፣ ቡና ጠጥተው ይሂዱ» አለችኝ።

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል» አልኳት።

አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የኋላው ጎማ ተንፍሶ ኖሮ ረዳቱ ሊያስጠግን አንከባሎት ሄደ። አንድ ሰዓት ተኩል አልተንቀሳቀስንም። ቤቷ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ጢሱ ይታየኛል። ሁለት ጊዜ በር ላይ ወጥታ ወደ አውቶቡሱ አየች። እኔ መጋረጃውን ሳብኩ።

አፍሬ ነው እላለሁ ለራሴ። ለሚስቴም ያልኳት እንደዚያ ነው። ማፈሩንስ አፍሬአለሁ። ግን ከኀፍረቱ ሥር ሌላም ነገር ነበረ። የአያቴ ቁንጥጫ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ስንት ሥልጠና የሰጠሁ ሰው ነኝ።

እናንተ ይሄ አልፏል ትላላችሁ። በብዙ ነገር ከእኛ ትሻላላችሁ፣ አልክድም፤ አብሮ በመብላትማ የሚያህላችሁ የለም። ግን ፎቶ ሥር «ከቡዳ ዓይን ይጠብቅሽ» ብላችሁ በሳቅ የምትጽፉት እናንተው ናችሁ። ለእናንተ ቀልድ ነው። ከሚያነቡት መካከል እናቷ ሸክላ ተራ ያለች ልጅ ብትኖርስ?

እና ከምን ልጀምር ላልሽው፦ አንድ ሳምንት ስብሰባ አትጥሪ። ዝም ብለሽ ምሳ ሰዓት እዪ። ማን ከማን ጋር ይበላል? ለብቻው ሳህን የሚይዘው ማነው? በአማርኛው የሚሳቅበት ማነው? ከአዊ፣ አገውኛ ከሚነገርበት፣ የመጣ አንድ ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረን። ቃል ሲያጠብቅ እየተሳቀበት ስብሰባ ላይ መናገር ተወ። ዝምታውን ጨዋነት አልነው። ደግሞ የአምስት ዓመት የዝውውር ደብዳቤዎችን አስወጪ። «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ» የሚሉትን ለብቻ ለዪአቸው። ከዚያ ማን እንደተዛወረ ሳይሆን ከመዛወሩ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ምን እንደተወራ ጠይቂ። ተላላኪዎችንና ጥበቃዎችን ጠይቂ፣ እነሱ የማያውቁት የለም።

ሕጉን ደግሞ በቦርሳሽ ያዢ። ማየት የተሳነው አንድ የሕግ ምሩቅ ለፈተና መጥቶ ኮሚቴው «ፋይል እንዴት ያነባል?» ብሎ ሊመልሰው ነበር። አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አወጣሁና ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አካል ጉዳተኛው እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል ይላል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ቢከስ ደግሞ አለማድላቱን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ኮሚቴው ያቺን የመጨረሻዋን ሲሰማ በአንድ ጊዜ ተስማማ። ልጁ ተፈተነ፣ አንደኛ ወጣ። በሩ ላይ ያለው ደረጃ ጎን የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የተሠራውም የሕንፃ አዋጁን፣ 624/2001ን፣ ይዤ ስነታረክ ነው። ቀደም ሲል አዋጅ ምን ይሠራል ስል አልነበር? እሱን ያልኩት ስለ ስኒ ነው። ደረጃ በአዋጅ ይፈርሳል። የሕፃናት ማቆያውንም በዚሁ መንገድ ታገኚዋለሽ፤ የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 በግልጽ አስቀምጦት ነበር፣ የእናንተን ክልል አንቀጽ ፈልጊው። እናትየዋ ጡቷ እየፈሰሰ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ስለ ፆታ እኩልነት ብታስተምሪያት አትሰማሽም።

በጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ ማኅደር ክፍል ገባሁ። ለርክክብ ነው ብዬ ነው የገባሁት። የ1987ን ሳጥን አወረድኩ። የእሷ ማኅደር እሷን ተከትሎ ሄዷል፣ ግልባጩ ግን እዚያው አለ። ካርቦኑ ትንሽ ደብዝዟል። ፊርማዬ ያኔ ቆንጆ ነበር። ከታች በግራ በኩል፣ እንደ ደንቡ፣ ያረቀቀውና የጻፈው ሰው የስም መነሻ ፊደሎች አሉ። የእኔ፣ እዝባር፣ የእሷ።