ሰማዩ ከኮምፓስ ነው የወጣው

ጥያቄ፦ ከትናንሽ መስታወቶች የተሠራ የኢራን የጥበብ ሥራ በፎቶ አየሁ። ባለሙያዋ ሞኒር ፋርማንፋርማይያን ትባላለች። ኮከብ የሞላበት ሰማይ መሰለኝ። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ጥበቡ «አይኔ ካሪ» ይባላል፤ የቤተ መንግሥትና የመካነ መቃብር ጌጥ ሆኖ የኖረ ነው። ስስ መስታወት በአልማዝ ይቆረጥና በጄሶ ላይ ይለጠፋል። ሞኒር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢራኗ ሺራዝ ከተማ በሚገኘው ሻህ ቼራግ በተባለ መካነ መቃብር ውስጥ አይታው ልቧ ተነካ፤ ከዚያም ከነባር የእጅ ባለሙያዎች ጋር መሥራት ጀመረች።

ኮከቡ ከየት መጣ ቢሉ፣ እኔም የገባኝ ራሴ ስሞክረው ነው። በኮምፓስ ክብ ይሥሩ። ስፋቱን ሳይቀይሩ መርፌውን ዙሪያውን ያራምዱ፤ ልክ በስድስተኛው እርምጃ መነሻው ላይ ይመለሳል። ነጥቦቹን አንድ እየዘለሉ በመስመር ሲያገናኙ ባለስድስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። (የእኔ መጀመሪያ ተንጋዶ ነበር፤ ኮምፓሱ ላላ ብሎ።) የድሮዎቹ የኢራን ግንበኞችም ጉልላትና ግድግዳ የሸፈኑት ከክብ በሚነሣ እንዲህ ባለ ስሌት ነው።

ፎቶው ግን አንድ ነገር ደብቆብዎታል። ከፊቱ ቆመው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ብርሃኑ ሁሉ ቦታ ይቀይራል፤ የራስዎ ፊትም ተሰባብሮ በኮከቦቹ መሃል ይታያል። ቴህራን ከደረሱ፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በስሟ የተከፈተውን ሙዚየም ይጎብኙ።