መልስ፦ ሁለት ኮንቴነር ገጥሞ መሃሉን ስለመክፈት
ወንድሜ፣ ሁለት ባለ 40 ፊት (12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው) ኮንቴነር ጎን ለጎን ገጥመህ፣ የመሃሉን ግድግዳ አንስተህ ክሊኒክ ማድረግ ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል። ግን ግድግዳውን እንደ መጋረጃ አትየው። ኮንቴነር ሲደራረብ ጭነቱ በአራቱ ማዕዘን ቢወርድም፣ ጎኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ እጥፍጥፍ ላሜራ ነው። 12 ሜትሩን ሙሉ ከቆረጥከው ጣሪያው መሃል ላይ ይረግባል። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት ከላይ የብረት ቢም (ጣሪያውን የሚሸከም አግዳሚ)፣ ከሥሩ ቋሚ አስበይድ። ልኩን መሐንዲስ ይስጥህ፣ በያጁ በዓይኑ አይገምት። መሠረቱም በውኃ ልክ ይለካ፤ ከተዛነፈ በሩ እንኳ አልዘጋ ይልሃል።

በሁለቱ ጣሪያ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ብቻ አትለፈው። ብረቱ በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ማታ ሲሰበሰብ ይላቀቃል፤ ክረምት ሲገባ በሽተኛው አልጋ ላይ ጠብ ጠብ ነው። ላሜራ አሳጥፈህ ክዳን አድርግለት።

ኧረ ወለሉን ረስቼ! የኮንቴነር ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የተነከረ ነው። ለክሊኒክ ከሆነ አንሳና ቀይረው።