ጋሽ ፍምን ጠይቁ፦ በእንፋሎት ባቡር ላይ በበጎ ፈቃድ ማገልገል

አስተናጋጅ፦ ብሪታንያ ያላችሁ አባሎቻችን ስለ አሮጌዎቹ የእንፋሎት ባቡሮችና ስለ በጎ ፈቃድ ሥራው ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ጋሽ ፍም ዛሬ እስከ ማታ ይመልሳሉ። ዋና ነገራቸው እሳትና ቦይለር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጋሽ ፍም፦ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር። ውኃውን እዩ። ናይለን አትልበሱ። ሐዲድ ላይ ፈቃድ ሳታገኙ አትግቡ። እነዚህን ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ የሰለቸው ይዝለል።

ሰናይት፦ ሊድስ ነኝ። የባቡር ልምድ ጭራሽ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ፍም፦ አንቺማ ዕድለኛ ነሽ። እዚያው ከተማሽ ውስጥ ሚድልተን የሚባለው መስመር አለ፤ በ1960 ሰኔ ላይ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ በመደበኛው 1435 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ትንሽ ወጣ ካልሽ ደግሞ ኪስሊ ኤንድ ዎርዝ ቫሊ አለልሽ። የሁሉም በኩር ግን ዌልስ ያለው ታሊሊን ነው፤ 1951። ሐዲዱ ጠባብ ነው።

አካሄዱ የትም ቢሆን ተመሳሳይ ነው። የማኅበሩ አባል ትሆኛለሽ፣ በሥራ ቀን ሄደሽ ታያለሽ፣ ዓይንና ጆሮሽን ትመረመሪያለሽ። ቀይና አረንጓዴን መለየት ግዴታ ነው። ቀጥሎ የሐዲድ ደኅንነት ትምህርት ወስደሽ ትፈተኛለሽ። ከዚያ ጽዳት። ጽዳት ሲባል አፍንጫችሁን አትንፉ፤ ጎማና ዘንግ በላምባ በራሰ ጨርቅ የሚወለወለው እንዲያምር ብቻ አይደለም። ንጹሕ ብረት ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ከወለወልሽው በኋላ ከውስጡ ቀጭን የዘይት መስመር ተመልሶ ይወጣል። በጭቃ የተለበጠ ብረት ላይ ግን ማንም አያየውም። ያን መስመር ካየሽ ደግመሽ አትጥረጊው፤ ሰው ጥሪ።

አቤል፦ መቼ ነው የምነዳው?

ጋሽ ፍም፦ አጽጂ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ እሳት እንዲያነድ የተፈቀደለት አጽጂ፣ ከዚያ እሳት አንዳጅ፣ ከዚያ ነጂ። በዓመት ቁጠረው እንጂ በወር አትቁጠረው።

አቤል፦ ክፍያስ?

ጋሽ ፍም፦ በጎ ፈቃድ ብለናል እኮ።

ሐዋ፦ ጠዋት እሳት ሲለኮስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን ይሠራል? ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ ሁሉም እየሮጠ ስለሚሠራው ቅደም ተከተሉ አልያዝ አለኝ።

ጋሽ ፍም፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። መጀመሪያ ክብሪቱ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ሎኮሞቲቩን ዙሪውና "አይንቀሳቀስ" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ እንደሆነ እዪ፤ ከሥሩ የገባ ሰው ሊኖር ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ታስሯል? ሬጉሌተሩ፣ እንፋሎት ወደ ሲሊንደር የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ዝግ ነው? የማርሽ ዘንጉ መሐል ላይ ነው? የሲሊንደር ማፍሰሻዎቹ ክፍት ናቸው? እነዚህን ያልሠራ ሰው ሳያስበው ባቡሩ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ያገኘዋል፤ የሚያፈስ ሬጉሌተር እንፋሎቱን ቀስ እያለ ሲሊንደር ውስጥ ያጠራቅማልና።

ከዚያ ውኃው። የቦይለሩን ውኃ ከፍታ የሚያሳየው መስታወት ላይ ያለው እውነተኛ መሆኑን ሳታረጋግጪ እሳት የለም። ቀጥሎ በባትሪ ብርሃን ፋየርቦክሱን፣ እሳቱ የሚነድበትን ክፍል፣ ውስጡን እዪ። ትኩሱ ጭስ በውኃው መሐል ከሚያልፍባቸው ቱቦዎች ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል? ጣሪያው ላይ ያለው ልቡ እርሳስ የሆነው ቡሎን ደርቋል ወይስ ያለቅሳል? የጡብ ቅስቱ ቆሟል? ከፍርግርጉ የወደቀ አለ? ወደ ፊት ሄደሽ ስሞክቦክሱን፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ያለውን ክፍል፣ ክፈቺ፣ የትናንቱን አመድ ጥረጊ፣ በሩን ዙሪያውን ገጥሞ እስኪይዝ ዝጊ። አየር ከሾለከ እሳቱ አይሳብም፤ ውስጥ የቀረው ትኩስ አመድም አየር አግኝቶ ይነድዳል። ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ቡናማ ጠባሳ ያወጣ በር ካያችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው።

አሁን ክብሪት። የድንጋይ ከሰሉን ፍርግርጉ ላይ በስሱ በትኚ፣ መሐሉን ክፍት ተዪ፣ እንጨቱን እንደ ጎጆ ክመሪበት፣ ላምባ የነካ ጨርቅ አካፋ ላይ ለኩሰሽ አስገቢ። ቤንዚን በፍጹም። ከታች ያለው ዳምፐር፣ የአየር ማስገቢያው መዝጊያ፣ ክፍት ይሁን።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ፋየርቦክሱ ኮፐር፣ የውጭው ጋን ብረት ነው። ለእኩል ሙቀት ኮፐር ከብረት በ40 በመቶ ገደማ የበለጠ ይረዝማል። በጥድፊያ ካሞቅሽው ውስጡ ይለጠጣል፣ ውጩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱን አስረው የያዙት ዘንጎች ይጎበጣሉ፣ የቱቦዎቹ ጫፍ ይላቀቃል። ለዚህ ነው ትልቅ ሎኮሞቲቭ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ከአንድ ቀን በፊት በትንሽ እሳት የሚሟሟቀው። ትንሿ ሦስት፣ አራት ሰዓት ይበቃታል። የግፊት መለኪያው ወደ 20 ፒ ኤስ አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሲደርስ ብሎወሩን በጥቂቱ መክፈት ትችያለሽ፤ እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሽቅብ እየተተኮሰ አየሩን በእሳቱ ውስጥ ይስባል። እንደ ወናፍ ነው፤ ወናፍ ይገፋል፣ ይኼ ግን ይጎትታል።

ብርሃኑ፦ ውኃው ስንት መሆን አለበት?

ጋሽ ፍም፦ የቱ ሎኮሞቲቭ ላይ? ቆሞ ነው እየሄደ? ሽቅብ ነው ቁልቁል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ብርሃኑ፦ ይቅርታ ጋሼ። በአጠቃላይ ለማለት ነው።

ጋሽ ፍም፦ በአጠቃላይ የሚባል ውኃ የለም። ጭስ ማውጫዋ ወደ ዳገቱ ከሆነ ውኃው ወደ ኋላ፣ ወደ ፋየርቦክሱ ይተኛል፤ መስታወቱ ጥጋብ ያሳያል። ጫፉን አልፋ ቁልቁል ስታዘቀዝቅ ያው ውኃ ወደ ፊት ይሸሻል። ሬጉሌተሩ ሲዘጋ ደግሞ ውኃው ውስጥ የነበረው አረፋ ይረግባል፣ መስታወቱ ተጨማሪ ይወርዳል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ሦስት አራተኛ ያየ ሰው ጫፉ ላይ ሩብ ሊያገኝ ነው። ውኃ የሚጨመረው ለሚመጣው መንገድ ነው።

መስታወቱ ራሱ እንዳይዋሽ ይፈተናል። ላይኛውና ታችኛው ቫልቭ ይዘጋና ማፍሰሻው ይከፈታል፤ መስታወቱ ባዶ ሆኖ ባዶ መቆየት አለበት። ታችኛው ብቻ ይከፈት፦ ውኃ በኃይል ይውጣ፤ ዝጋው። ላይኛው ብቻ ይከፈት፦ እንፋሎት ይውጣ፤ ዝጋው። ማፍሰሻውን ዝጋና ሁለቱን ክፈት፤ ውኃው ዘሎ ቦታው መመለስ አለበት። እየተጎተተ ከመጣ መተላለፊያው በቅርፊት ጠቧል። ለንደን ያላችሁ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ እሱ ነው። ሁለት መስታወት ካለ ሁለቱም ይፈተናሉ፣ ይተያያሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሙሉ በሙሉ የሞላ መስታወትና ጨርሶ ባዶ የሆነ መስታወት በዓይን አንድ ናቸው። ከኋላው ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ሰሌዳ የሚደረገው ለዚህ ነው፦ ውኃ ባለበት በኩል መስመሮቹ ተገልብጠው ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ያዘነበሉ ይመስላሉ። ጥላሸት የሸፈነው ሰሌዳ ዋጋ የለውም፤ ጥረጉት።

ሐዋ፦ ውኃው ከጣሪያው በታች ቢወርድስ?

ጋሽ ፍም፦ 180 ፒ ኤስ አይ ላይ ያለ ውኃ ሙቀቱ 193 ዲግሪ ገደማ ነው። ውኃ እስከሸፈነው ድረስ የፋየርቦክሱ ጣሪያ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እርሳስ የሚቀልጠው 327 ላይ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጣሪያው ይግላል፣ የቡሎኑ እርሳስ ይቀልጣል፣ እንፋሎት ወደ እሳቱ ይጮሃል። ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ እሳቱን ያጠፋልናል ብላችሁ አትተማመኑበት። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ይቀደዋል። በ1995 ሰኔ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ፣ ጌቲስበርግ አቅራቢያ፣ 1278 ቁጥር ሎኮሞቲቭ የደረሰባት ይኸው ነው። ውኃ አነሰ፣ ጣሪያው ተቀደደ፣ ነጂና አንዳጅ የሚቆሙበት መድረክ ላይ የነበሩት ሦስቱም የቃጠሎ ጉዳት ደረሰባቸው። መርማሪዎቹ ካገኙት አንዱ የውኃ መስታወቱ መተላለፊያ በቅርፊት መጥበቡ ነው። ውኃውን እዩ።

የለገሃር ልጅ፦ በነገራችን ላይ "ፋየርማን"ን በአማርኛ ምን እንበለው? እሳት አደጋ ይመስላል።

አቤል፦ እሳት አንዳጅ። ጋሽ ፍም ብለውታል።

የለገሃር ልጅ፦ እኔ እንኳ ሾፌር ማለት ይገባል ባይ ነኝ። ሾፌር በፈረንሳይኛ መሠረቱ "የሚያሞቅ" ነው፤ በእንፋሎት ባቡር ላይ ሾፌር የሚባለው እሳት የሚያነደው ነበር፣ የሚነዳው ሜካኒሲያን ነው። የጅቡቲ መስመር ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደነበር አትርሱ።

አቤል፦ ታዲያ የታክሲ ሾፌራችን ምን ያሞቃል?

የለገሃር ልጅ፦ ወሬውን።

ብርሃኑ፦ ለምን ድሬዳዋ ላይ እኛም አንድ አናስነሳም? ኤርትራ ጡረተኞቹ ከ1994 ጀምረው ከምጽዋ አስመራ ሐዲዱን መልሰው ዘርግተው የለ? በ2003 አስመራ ደርሰዋል። ከእነሱ አንዷን ብንዋስ?

ጋሽ ፍም፦ የእነሱ ሐዲድ 950 ሚሊሜትር ነው። የድሬዳዋው አሮጌ 1000። 50 ሚሊሜትር በጸሎት አይጠብም። አዲሱ ደግሞ 1435 ሆኖ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

የለገሃር ልጅ፦ ጎማውን በአክሰሉ ላይ አስፍቶ መግጠም ይቻላል እኮ።

ጋሽ ፍም፦ ጋሪ ላይ ይቻላል። እነዚያ የ1938 የአንሳልዶ ፋብሪካ፣ ማሌ የሚባሉት ሎኮሞቲቮች ግን አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ተጣጣፊ ሻሲ ናቸው፤ ጎማውን ስታወጣ ዘንጉን፣ ፍሬኑን፣ ሁሉንም ልታወጣ ነው። ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ወደ ጉዳያችን።

መስከረም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልምድ ከሌለኝ ከየት ልጀምር?

ጋሽ ፍም፦ ከላይ ከማንበብ ጀምሪ።

መስከረም፦ እሺ ጋሼ። ሴት ስለሆንኩ አካፋው አይከብደኝም?

ጋሽ ፍም፦ አንድ አካፋ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ጉልበት የሚጨርሰው መወርወር ነው፣ መወርወር ደግሞ አያስፈልግም። ግራ እግርሽን አስቀድመሽ፣ የአካፋውን ሆድ የበሩ ጠርዝ ላይ አሳርፈሽ፣ አንጓሽን ወደምትፈልጊበት ማእዘን ጠምዘዝ ታደርጊዋለሽ፤ ከሰሉ ራሱ ይንሸራተታል። ሁለቱን የኋላ ማእዘኖችና ከበሩ ሥር ያለውን ወፈር አድርጊ፣ ፊቱን ሳሳ። ከአራት እስከ ስድስት አካፋ፣ ከዚያ በሩን ዝጊና ጭሱን እዪ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል። ስስ ግራጫ ከሆነ ደግ ነው። ምንም ጭስ ከሌለ አየሩ በዝቷል፣ ወይም እሳትሽ ላይ ቀዳዳ አለ። ትልቁ ጥፋት በአንዴ አሥራ አምስት አካፋ ጭኖ መቀመጥ ነው፤ እሳቱ ይታፈናል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ልክ ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ ነድዶ ሴፍቲ ቫልቩን ያስጮኸዋል።

ነጂው ሬጉሌተሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ዋሻ ከመግባታችሁም በፊት፣ ብሎወሩ ይከፈት። ካልተከፈተ የሚስበው ነገር የለምና እሳቱ በበሩ በኩል ወደ እናንተ ይወጣል። ናይለን የምከለክለው ለዚህ ነው። ጥጥ ይቃጠላል፣ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

አቤል፦ ከቱታ ሥር የኳስ ማሊያ ብለብስስ?

ጋሽ ፍም፦ ማሊያው ከምንድን ነው?

አቤል፦ ፖሊስተር።

ጋሽ ፍም፦ እና?

ሰናይት፦ ነጠላስ? ጥጥ ነው።

ጋሽ ፍም፦ ጥጥነቱ ደግ፣ መንጠልጠሉ ክፉ። ዘንግ አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር የለም፤ ቀለበትና ሐብልም አውልቁ።

ሐዋ፦ ረመዳን ላይ መድረክ ላይ መውጣት ይቻላል?

ጋሽ ፍም፦ ሳይጠጡ ስምንት ሰዓት እሳት ፊት መቆም አይመከርም። ተራ ለሚያወጣው ሰው አስቀድመሽ ንገሪው፤ በዚያ ወር ቅባት፣ ጽዳት፣ ጥገና ላይ ያውልሻል። ሑዳዴ የምትጾሙም ውኃ ሳትጠጡ የምትውሉ ከሆነ እንዲሁ ንገሩት።

መስከረም፦ አካፋ ላይ እንቁላል ይጠበሳል የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ፍም፦ እውነት ነው። አካፋውን ግን መድረኩ ላይ ባለው የሙቅ ውኃ ጎማ አትጠቡት፤ ውኃው ቅርፊት የሚከላከል መድኃኒት ሊኖረው ይችላል።

ብርሃኑ፦ የከሰሉ ነገር እንዴት ሆነ? ዌልስ ተዘጋ ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ፍም፦ መርተር ቲድፊል ያለው የከሰል ማውጫ፣ ፎስ ኣ ቭራን፣ በ2023 ኅዳር ማምረት አቁሟል። የዌልሱ ጭሱ ጥቂት፣ ነበልባሉ አጭር ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጋዝ ይበዛዋል፤ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይጨሳል። ስለዚህ እሳቱ ይሳሳ፣ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ይጨመር፣ ከጫናችሁ በኋላም ለጥቂት ሰከንድ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ከላይ አየር ስጡት።

የለገሃር ልጅ፦ በዚህ ዘመን ከሰል ማንደድ ራሱ ነውር አይደለም?

አቤል፦ ለንደን ደርሰህ ለመመለስ አውሮፕላን ምን ያነዳል?

አስተናጋጅ፦ ሁለታችሁም በቃ።

ብርሃኑ፦ የሲግናል ቤት ሥራስ እንዴት ነው?

ጋሽ ፍም፦ የሲግናል ሰው ጠይቅ።

መስከረም፦ ለጉብኝት የመጣ ሰው በበጎ ፈቃድ መሥራት ይችላል?

ጋሽ ፍም፦ የጉብኝት ቪዛ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በጠቅላላ እስከ 30 ቀን ይፈቅዳል፣ ዋናው የመጣበት ጉዳይ እሱ ካልሆነ። ሁሉም መስመር ግን የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም፤ ኩባንያም አለ። ለቀረው የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቂ፣ እኔን አይደለም።

ሐዋ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ማታ ሲገባ እሳቱ እንዴት ይተዋል?

ጋሽ ፍም፦ በመጨረሻው ጉዞ ላይ እሳቱን እያሳሳሽ ነይ፤ ሞልተሽ መጥተሽ እዚህ አታጥፊው። አመድ የሚወርድበት ጉድጓድ ላይ ስትቆሙ ግፊት እያለ ኢንጀክተሩን፣ ውኃ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባውን፣ ክፈቺና ቦይለሩን እስከ መስታወቱ ጫፍ ድረስ ሙዪ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃው ይኮማተራል፣ ጠዋት ሲታይ ወርዶ ነው የሚገኘው። ክሊንከሩን፣ ቀልጦ የተጋገረውን አመድ፣ በረጅሙ ሜንጦ ሰባብረሽ አውጪ፣ አመዱን ከሥር ጥረጊ። ውኃ ካርከፈከፍሽበት በእንፋሎት የተሞላ አቧራ ይነሳል፣ ስለዚህ ፊትሽን አዙሪ፣ ጭምብል አድርጊ። የእጅ ፍሬን፣ የማርሽ ዘንግ መሐል፣ ማፍሰሻ ክፍት፣ ከጎማው ሥር ሽብልቅ። ዳምፐሮቹን ዝጊ። በመጨረሻ ጭስ ማውጫው ላይ ክዳኑ ይደፋል፤ ካልተደፋ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር በቱቦዎቹ እየተሳበ ጠዋት ጫፎቻቸው ሲያለቅሱ ታገኛላችሁ። ክዳን መደፋቱን መድረኩ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ አለዚያ ጠዋት የሚያነደው ሰው ጭሱን ፊቱ ላይ ይቀበላል።