ስለ ስፒከር መልክ ጠይቁኝ፤ ከደሴ

ሰላም ወሎዬዎች! ደሴ ውስጥ የስፒከር ሳጥን እሠራለሁ፤ የተበላሸም እጠግናለሁ። ስለ ድምፁ ሁሌም እንጨቃጨቃለን። ዛሬ ስለ መልኩ ጠይቁኝ። የምጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ የሚያምር ስፒከር ድምፁም ያምራል? ወይስ ነገሩ ለዓይን ብቻ ነው?

መልስ፦ እንደ ውበቱ ዓይነት ነው። የሳጥኑ ጠርዝ ክብ ብሎ ካየኸው ለቁንጅና ብቻ አይደለም። ከትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ የወጣ ድምፅ በሳጥኑ ፊት ላይ ሄዶ ሹል ጠርዝ ሲያገኝ እዚያ ይበተናል። ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ዋናው ድምፅ ላይ ይደረባል። ክብ ጠርዝ ይሄን ይቀንሳል። ጎኑ የጎበጠ ሳጥንም ሥራ አለው። ፊት ለፊት የሚተያይ ግድግዳ ስለሌለው የውስጡ ድምፅ በአንድ መስመር አይመላለስም። ዙሪያውን ቀይ ሰማያዊ የሚበራው መብራት ግን ለድምፁ ምንም አይፈይድም። ልጆች ይወዱታል፤ በቃ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ከሁሉ አማረ የምትለው የትኛው ነው?

መልስ፦ ኖቲለስ። የእንግሊዙ ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ በ1993 ያወጣው ነው። መሐንዲሱ ሎረንስ ዲኪ ይባላል። ሲያዩት ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው፤ ግን ቅርፁ ከሥራው የመጣ ነው። የስፒከር ወረቀት፣ ያ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ወደ ፊት የሚለቀውን ያህል ድምፅ ወደ ኋላም ይለቃል። ሳጥን ውስጥ ያ የኋላ ድምፅ ተላግቶ ይመለስና ስሱን ወረቀት አልፎ ይወጣል። ዲኪ ሳጥኑን ተወው። ከእያንዳንዱ ስፒከር ጀርባ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ ሰካ። ድምፁ ይገባል፣ እዚያው ይሞታል። የላይኞቹ ሦስት ቱቦዎች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ወጡ። የቤዙ ቱቦ ግን ረጅም መሆን አለበት። ቀጥ ቢል ሳሎን አይበቃውም፤ ስለዚህ ተጠቀለለ። ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ያንን ጥቅል ነው። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «በነጻ ቢሰጡህም እዚህ ቤት አይገባም» ብላለች።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ልጄ፣ ስፒከሬን በዳንቴል ሸፍኜዋለሁ። ልጆቹ «አንሺው፣ ድምፁን አፈንሽው» እያሉ ይነዘንዙኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አብሽሩ እማማ። ዳንቴሉን ወደ አፍዎ አስጠግተው እፍ ይበሉበት። ትንፋሽዎ ሳይታገድ ካለፈ ድምፁም ያልፋል። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ዳንቴል ብዙ አይጎዳም። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ግን መጀመሪያ የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ነው። አምባሰል ሲከፍቱ የመሲንቆው ጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ሸካራ ነገር ከጠፋ፣ ጨርቁ ወፍራም ነው ማለት ነው። ሳጥኑ አናት ላይ የአበባ ማስቀመጫ ካለ ግን እሱን ያንሱት። ይንቀጠቀጣል፤ ውሃውም ቢደፋ ጉድ ነው።

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ ለምንድነው ሁሉም ጥቁር የሆነው?

መልስ፦ ርካሽ ስለሆነ። ቺፑድ ላይ ጥቁር ላስቲክ ይለጠፍና አለቀ። ጥቁር ጉድለት ይደብቃል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ፒያሳ፦ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ በዋንዛ ላሠራ ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ዋንዛ ስትል ልቤ ደስ ይለዋል፤ ሙሉ በሙሉ ስትል ግን ቆም በል። ድፍን እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በጉም ወራት ደሴ ላይ የተገጣጠመ ሳጥን ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ መጋጠሚያው ሊከፈት ይችላል። አየር የሚያስወጣ ሳጥን ደግሞ ቤዙ ይበላሻል። ሳጥኑን በኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ በተጨመቀ እንጨት) ወይም በጥሩ ኮምፔንሳቶ አሠራው። ከላይ በስሱ የተሰነጠቀ ዋንዛ አልብሰው። አናጺህን አደራ በለው፦ ከውጭ ሲያለብስ ከውስጥም ያልብስ፤ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ጣውላው ይጎብጣል። ሁለተኛ አደራ፦ የግራና የቀኙ ልባስ ከአንድ ግንድ ተከታትሎ የወጣ ይሁን። ያኔ የእንጨቱ መስመር ቀኙ የግራው መስታወት ይሆናል። እኔ ሥራ ስመለከት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ብልጭ የሚል ቫርኒሽ አልወድም፤ የመስኮቱን ብርሃን ሁሉ ፊትህ ላይ ይመልሰዋል። በደንብ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ሰም ቢቀባ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ ከዓረብ አገር የመጣልኝ የድሮ ስፒከር ፊቱ ስፖንጅ ነው። ስነካው ዱቄት ሆነ።

መልስ፦ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ስፖንጅ በጊዜ ብዛት ይፈራርሳል። ያኔ ፋሽን ነበር፤ የአሜሪካው ስፒከር ሠሪ ጄቢኤል በ1970 ያወጣው ኤል 100 በብርቱካናማ፣ በሰማያዊና በቡናማ ስፖንጅ ነው የታወቀው። ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊና ቀጭን ጨርቅ በፍሬም ወጥሪበት። የወረቀቱን ዙሪያ የያዘው ቀለበትም ስፖንጅ ከሆነ እሱንም እዪው። ተቀዶ ካጫወትሽው ወፈሩን፣ ማለትም የቤዙን ስፒከር፣ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሙጋድ፦ ሞንታርቦ ሳሎን ውስጥ ቢቆም አያምርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያምረው።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ቡፌ ውስጥ ብከታቸውስ? ሚስቴ ወለል ላይ እንዲቆሙ አትፈልግም።

መልስ፦ ራሱ ቡፌ የሚመስል ስፒከርም ነበር። ጄቢኤል በ1957 ፓራጎን የሚባል አወጣ። ወርዱ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ በአንድ የእንጨት ዕቃ ውስጥ ሆኖ መሐሉ ላይ የጎበጠ ጣውላ አለው፤ ድምፁ እዚያ ነጥሮ ሳሎኑ ላይ ይበተናል። አንተ ግን ያለህን ይዘህ፦ መስታወቱን ክፈት፣ ስፒከሮቹን እስከ መደርደሪያው ጫፍ ሳባቸው። ጀርባቸው ላይ የአየር ቀዳዳ ካለ ከቡፌው ጀርባ ጥቂት ጣቶች ያህል ይራቁ። ትዊተሩ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ጆሮህ ትክክል ይሁን። ከሥራቸው ወፈር ያለ ላስቲክ አድርግ፤ አለበለዚያ ሲኒው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል።