ኑዛዜና የዘር ቆጠራ በጎጃም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ቅድመ አያቴ ተናዝዘው እንዳረፉ እሰማለሁ፤ ወረቀቱን ግን ከቤተሰቡ ውስጥ አላገኘሁም። የት ልፈልግ?

መልስ፦ በቅድሚያ ወረቀት የግድ መኖር አለበት ብለው አይጀምሩ፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው ኑዛዜ በነፍስ አባትና በሽማግሌዎች ፊት በቃል የሚሰጥ ነበር። በጽሑፍ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ መሬት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ወይም ክርክር ይነሣል ተብሎ ሲፈራ ሲሆን፣ የሚጻፈውም በወንጌል ወይም በሌላ የብራና መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነው። የሞጣ ጊዮርጊስ መጻሕፍት እንዲህ ባሉ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ጽሑፎቻቸው በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ቅድመ አያትዎ የተቀበሩበትን ደብር ለይተው ቄሰ ገበዙን ይጠይቁ፤ የነፍስ አባታቸውን ስም ይዘው ቢሄዱ ፍለጋው ይቀልላል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ያገኘሁት ጽሑፍ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ከማለት በቀር ዓመት የለውም። ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ንጉሡ የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ሲሆን ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ የሉቃስ ስለሆነ፣ ጽሑፉ በ1875፣ በ1879፣ በ1883፣ በ1887 ወይም በ1891 የተጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ ይዘቱን ይመርምሩ። ብዙ በሬና ላም የሚያወርስ ከሆነ፣ ከ1880 ጀምሮ ከብቱን የፈጀው በሽታና ክፉ ቀን ገና አገሩን ሳይለቅ በ1883 መጻፉ ያጠራጥራል። የምስክሮቹና የሹማምንቱ ስም የቀሩትን ዓመታት ለመለየት ይረዳል።

ጥያቄ (ከደጋ ዳሞት)፦ ኑዛዜው ሦስት ልጆችን ብቻ ይጠቅሳል፤ ሽማግሌዎች ግን አምስት ነበሩ ይላሉ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው የዘር ሐረጉን የሚያዛባውም እዚህ ላይ ነው። በጎጃም የርስት መብት የሚገኘው በተናዛዡ ፈቃድ ሳይሆን በትውልድ ነበር፤ ወንዱም ሴቲቱም በአባትም በእናትም በኩል ከዋናው አባት (መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው) እንደሚወለዱ ቆጥረው ድርሻቸውን ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ በኑዛዜው ውስጥ ባይጠቀስ፣ ልጅነቱ ተክዷል ወይም በሕይወት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ምናልባት በሠርጉ ቀን መሬትና ከብት ተቆርጦለት ቀድሞ ወጥቷል። በአንጻሩም ኑዛዜው ልጄ የሚለው የጡት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው በደም ሐረግ ላይ ያለ ማስታወሻ ቢገባ ሐረጉ ይሳሳታል። እኔ ከኑዛዜው ይልቅ የርስት ክርክርን መዝገብ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ተከራካሪው መሬቱን ለማግኘት ከራሱ ተነሥቶ እናቱን፣ አያቱን፣ ምንዝር አባቱን (ከዋናው አባት ቀጥሎ የሚቆጠረውን) እያለ እስከ ዋናው አባት ድረስ ስም በስም መቁጠር ነበረበት፤ ተቃዋሚውም ቆጠራውን ለማፍረስ የራሱን ሐረግ ያቀርብ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም መሬት ፈላጊ ስለሆኑ አንዱን ወገን ብቻ አይመኑ፤ ሁለቱ የሚስማሙበት ስም ግን ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በመጽሐፉ ላይ የአያቴ ስም ጨርሶ የለም።

መልስ፦ የክርስትና ስማቸውን ይጠይቁ። ካህናት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት እሱን ነውና፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ስም በብራናው ላይ ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ ያረፉትን በተመለከተስ?

መልስ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ብሎ በሦስት ከፍሎታል፤ በግልጽ የሚደረገውም በመሠረቱ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረም ነው። እነዚያ አራት ስሞች ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለሆኑ በራሳቸው የፍለጋ መንገድ ይከፍታሉ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ በመሬት ምክንያት ዘር መቁጠር ስለቀረ፣ ከዚያ በፊት የተከፈቱትን የርስት መዝገቦች በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሳይበላሹ በቶሎ ማየት ይገባል።